ደብረ ብርሃን ላይ የተነገረ ንግግር

የምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር ስለ ሰሜን ሸዋ ሰው የሚያወራው አንኮበርንና ነገሥታቱን ነው። እኔ ግን (ነገሥታቱ ይቅር ይበሉኝና) ትዝ የሚለኝ ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲህ፣ በብርዳማዋ ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የተካሄደው ስብሰባ ነው።

ተናጋሪው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። የ64 ዓመት አዛውንት፣ ኤዲንብራ የተማሩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩ። ፖለቲካ ውስጥ የገቡት ዘግይተው ነው። ጥር 1984 የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት (መዐሕድ) ሲመሠረት ሊቀ መንበር ሆኑ። ስለ አገር አንድነት የሚሟገቱ ሰው በብሔር ስም መደራጀታቸው ዛሬም ያከራክራል። እኔ ግን በአርባ ጉጉ ሰው በማንነቱ በተገደለበት ሰሞን ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው? እላለሁ።

እንግዲህ አስቡት፤ ሞባይል የለ፣ ኢንተርኔት የለ። ድርጅት አዲስ አበባ ቢሮ ስለከፈተ ብቻ ድርጅት አይሆንም፤ ሰው ቤት ለቤት የሚጠራ፣ አዳራሽ የሚለምን፣ ፈርቶም ቢሆን ስሙን መዝገብ ላይ የሚያሰፍር የወረዳ ሰው ይፈልጋል። መሪው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣው ለነዚህ ሰዎች ነው፤ «ብቻችሁን አይደላችሁም» ሊላቸው።

የ1983ቱ የሽግግር ቻርተር የመናገር፣ የመሰብሰብና የመደራጀት መብትን በመጀመሪያው አንቀጹ ፈቅዶ ነበር። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። የሕገ መንግሥት ጉባኤው ምርጫ ግንቦት 1986 ተካሄደ፤ ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ ላይ፣ ፕሮፌሰሩ በሌላ ክስ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። ታኅሣሥ 1987 ደግሞ የደብረ ብርሃኑ ንግግር «ለአመፅ ቀስቅሷል» ተብሎ ሦስት ዓመት ተጨመረባቸው። ንግግሩ ከተደረገ ልክ ሁለት ዓመቱ መሆኑ ነው! በዚያው በ1987 አገሪቱ ፓርላማዋን ስትመርጥ እሳቸው እስር ቤት ነበሩ።

ሲፈቱ ጤናቸው አልቆ ነበር። ታኅሣሥ 1991 ለሕክምና ወደ ውጭ ተላኩ፤ ግንቦት 6 ቀን በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ። ድርጅታቸው በኋላ መኢአድ ተብሎ አገር አቀፍ ሆነ፤ በ1997ቱ ምርጫም ከቅንጅት መሥራቾች አንዱ ነበር።

ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ «አሥራት ወልደየስ» ይባላል። ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች በስማቸው በተጠራው በር ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ሰውየው ሦስት ዓመት የተፈረደባቸው እዚችው ከተማ በተናገሩት ንግግር መሆኑን ስንቶቹ እንደሰሙ እንጃ።