ክኒንና ካፕሱል፦ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባበት መንገድ

መራዊ፦ ከባሕር ዳር በስተደቡብ በምትገኘው መራዊ ከተማና በቆጋ መስኖ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃ በየስፍራው በሚያቁርበት ወቅት ወባ ይበረታል። ታማሚው ከጤና ጣቢያ ይዞት የሚመለሰው ክኒን የሚፈውሰው ወደ ደም በበቂ መጠን ሲገባ ነው። ይህም በመድኃኒቱ አሠራርና በአወሳሰዱ ይወሰናል።

በክኒን ውስጥ ፈዋሹ ንጥረ ነገር ብቻውን አይገኝም። ዱቄቱን የሚያያይዝ ስታርች፣ ከማሽን ጋር እንዳይጣበቅ የሚረዳ ማለስለሻ፣ ውኃ ሲነካው አብጦ ክኒኑን የሚበትን ንጥረ ነገርም አብረው ይጨመቃሉ። ማያያዣው ወይም ማለስለሻው ከመጠን ካለፈ ክኒኑ ቶሎ ላይሟሟ ይችላል።

ካፕሱል በአንጻሩ ብዙውን ጊዜ ያልተጨመቀ ዱቄት ይይዛል። በአብዛኛው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ከሚገኝ ጄላቲን የሚሠራው ልባሱም በጨጓራ ውስጥ በደቂቃዎች ይሟሟል። ሆኖም በወጉ የተሠራ ክኒንም ፈጥኖ ስለሚበተን፣ ካፕሱል ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም።

የክኒን ሽፋንም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ምሬትን ብቻ ይከላከላል። ሌላው የጨጓራን አሲድ ተቋቁሞ አንጀት ሲደርስ ይሟሟል። ለጨጓራ ሕመም የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል በአሲድ ስለሚበላሽ፣ በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች እንዲህ ባለ ሽፋን ይለበጣሉ፤ ስለዚህ አይታኘኩም። ሦስተኛው ዓይነት መድኃኒቱን በዝግታ ይለቃል። በዝግታ እንዲለቅ የተሠራ የደም ግፊት ክኒን ከተፈጨ የብዙ ሰዓት መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ገብቶ ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ሕክምና ያደረገችው፣ በተለምዶ ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት ግን መዋጥ ለማይችል ሕፃን ተፈጭቶ በውኃ ሊሰጥ ይችላል። የእርሱ ችግር ሌላ ነው፤ ሉሜፋንትሪን የተባለው ንጥረ ነገሩ ያለ ቅባት በሚገባ ወደ ደም አይገባም። ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ ሲወሰድ መጠኑ እስከ 16 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። በጾም ወራት ወተት የማይጠጣ ታማሚ ዘይት የገባበት ሽሮ ወይም ለውዝ በልቶ ሊወስደው ይችላል። ትኩሳቱ ቢበርድም የ3 ቀኑ መድኃኒት መቋረጥ የለበትም።

ክኒን ከመፍጨት ወይም ካፕሱል ከመክፈት በፊት የመድኃኒት ባለሙያን መጠየቅ ይገባል። ካፕሱል በእርጥበት ስለሚለሰልስ ከነማሸጊያው፣ ከምድጃ ርቆ፣ በደረቅ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።