ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የመድረክ ሥራና ስለ ሴቶች የቃል ግጥም፤ ከፎገራ አገር ልማድ ጋር ሲነጻጸር

የአገራችንን የቲያትር ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት፣ በሙያ ቲያትር መድረክ ላይ ለመጫወት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት መሆናቸውን ነው። ይህ አነጋገር ለክብራቸው የሚገባ ቢሆንም የሥራቸውን ግማሽ ብቻ ይገልጻል። ወይዘሮ አስናቀች ተዋናይት ብቻ ሳይሆኑ ክራር ደርዳሪ፣ ዘፋኝ፣ የዘፈናቸውንም ቃል ራሳቸው የሚገጥሙ ሰው ነበሩ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ይህ የገጣሚነት ችሎታ በቲያትር ቤት የተፈጠረ ሳይሆን ከጥንት ጀምሮ በሴቶች አፍ ሲነገር ከኖረው የቃል ግጥም ጋር የሚዛመድ መሆኑን ነው። ለማነጻጸሪያም የፎገራን ሜዳና የወረታን አካባቢ መርጠናል። ወይዘሮ አስናቀች ተወልደው ያደጉት በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፣ ግጥምን ከፎገራ ተማሩ ለማለት አይደለም፤ የከተማይቱ ጥበብ ከገጠሩ ጥበብ ጋር ያለውን ዝምድና ለማሳየት ነው እንጂ።

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ውሃው ሲጎድል ለከብት ግጦሽ የሚሆን ሣርና ለእርሻ የሚመች ጥቁር አፈር ይተዋል። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚህ አገር ነው፤ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህም ሜዳው በሩዝ ምርቱ ይታወቃል። ወረታ የቆመችው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባለ መገናኛ ስፍራ ገበያተኛውና መንገደኛው ሲተላለፍ ዘፈኑም አብሮ ይተላለፋል።

በዚህ አገር፣ እንደ ሌላውም አማርኛ ተናጋሪ ገጠር፣ ሴት የምትገጥምባቸው ጊዜያት የታወቁ ናቸው። በሠርግ ከበሮ ይዛ ታዜማለች፤ በልቅሶ ሙሾ ታወርዳለች፤ ልጅ ስታስተኛ እሹሩሩ ትላለች፤ እህል ስትፈጭም ታንጎራጉራለች። የግጥሙ ሥርዓት ያልተጻፈ ይሁን እንጂ ጽኑ ነው። ለምሳሌ የወል ቤት በሚባለው ስልት አንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፤ ስንኞቹም በመጨረሻ ፊደላቸው ቤት ይመታሉ። አልቃሽ ሴት ይህን ሕግ ከመምህር ሳትማር፣ የሟቹን ዘርና ሙያ፣ የቤተ ዘመዱንም ኀዘን በዚያው ልክ ወዲያው ትገጥማለች። ያማረው ሙሾ ከልቅሶው ቤት ወጥቶ በአገሩ ይዞራል፤ «እንዲህ ብላ አለቀሰች» ይባላል። ያለቀሰችው ማን እንደ ሆነች ግን ጥቂት ዘመን ካለፈ በኋላ የሚያስታውሳት አይገኝም። ቃሉ ሲኖር ባለቤቲቱ ትረሳለች።

የአዝማሪ ነገር ከዚህ በመጠኑ ይለያል። ብዙውን ጊዜ ወንዱ ባለ አንድ አውታሩን ማሲንቆ ሲመታ ሴቲቱ አብራው ትዘፍናለች። አዝማሪ ራሱ ይገጥማል፤ ደግሞም ከአድማጮቹ አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው ተቀብሎ በዜማው ያቀርበዋል። በዚህ ዘዴ አድማጩ በራሱ አፍ ሊናገረው የማይደፍረውን ወቀሳ ወይም የፍቅር ቃል በአዝማሪው አፍ ያስነግራል። የቃሉም ኃይል ቀላል አልነበረም። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከተደረገበት የግድያ ሙከራ በኋላ እንዲጠፉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር አዝማሪዎች ይገኙባቸዋል። ጠመንጃ ያልያዘ ዘፋኝ በጠላት ዘንድ እንዲህ መፈራቱ፣ ግጥም የሕዝብን አሳብ ከአገር ወደ አገር የሚያደርስ መልእክተኛ እንደ ነበረ ያስረዳል።

አሁን ወደ ቲያትሩ እንመለስ። ዘመናዊው ቲያትር በአገራችን የተጀመረው በጸሐፊ ትእዛዝ ሳይሆን ውጭ አገር ተምረው በተመለሱ ሰዎች ፈቃድ ነው፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የመጀመሪያው ሆኖ ይጠቀሳል። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ከነጻነት በኋላም ዘፈንና ድራማ በአንድነት የሚታይበት መድረክ ሆነ። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ልብስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በሕዝብ ፊት የምትዘፍን ወይም የምትጫወት ሴት እንደ ጨዋ አትቈጠርም ነበርና ቤተ ሰብ ልጁን ለዚህ ሥራ አይሰጥም። አዝማሪነትም ቢሆን የሚፈለግ እንጂ የሚከበር ሙያ አልነበረም።

ወይዘሮ አስናቀች ይህን አጥር አልፈው ወደ ቲያትር መድረክ የወጡት በ1944 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሲከፈት፣ የአርቲስቶች ደመወዝተኛነት ጸና፤ ወይዘሮ አስናቀችም በዚያ ቤት ተዋናይትና ዘፋኝ ሆነው ለብዙ ዘመን አገልግለዋል። ቤቱ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር ይባላል።

መሣሪያቸው ክራር መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ባለ ዐሥር አውታሩ በገና የጸሎትና የመኳንንት መሣሪያ ሲሆን፣ አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው ክራር የፍቅርና የመጠጥ ቤት ተብሎ ዝቅ ይል ነበር። ወይዘሮ አስናቀች ግን ይህን የተናቀ መሣሪያ ይዘው፣ በትዝታና በሌሎቹ ቅኝቶች ራሳቸው የገጠሙትን ቃል እያዜሙ ከታላቁ መድረክ ላይ አወጡት። ስንኝ ሰጪዋም፣ ተቀባይዋም፣ ደርዳሪዋም አንዲት ሴት ሆነች። በገጠር ለአልቃሽ፣ ለአዝማሪና ለሚስቱ ተከፋፍሎ የነበረው ሥራ በአንድ ሰው ተጠቃለለ። የአዲስነታቸው ትርጉም፣ በእኛ አስተያየት፣ «የመጀመሪያዋ» ከመባላቸው ይልቅ በዚህ ላይ ነው።

የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሥራ ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ወይዘሮ ስንዱ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በአውሮፓ የተማሩና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ ናቸው፤ ለተማሪዎቻቸውም ተውኔት ይጽፉ ነበር። በ1942 ዓ.ም. የታተመው «የልቤ መጽሐፍ» ስማቸውን ይዞ ይኖራል። አንደኛዋ በብዕር ጻፉ፤ ሁለተኛዪቱ በቃል ገጠሙ። የጻፉት ደራሲ ተባሉ፤ በቃል የገጠሙት ግን ተዋናይትና ዘፋኝ ብቻ ተባሉ። ልዩነቱ የመጣው ከችሎታ ማነስ ሳይሆን እኛ ደራሲ የምንለውን ሰው በወረቀት ብቻ ስለምንፈልግ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ከድምፃቸው ጥቂቱ በሸክላ ተቀርጾ ስለ ቀረ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ እትም 16ኛው ዲስክ ለእርሳቸው ተሰጥቷል። ከመድረክ ላይ ወዲያው ገጥመው ያዜሙትና ማንም ያልቀረጸው ግን እንደ ፎገራ አልቃሾች ሙሾ ከድምፁ ጋር ጠፍቷል።

ስለዚህ የባህል ጥናት ተማሪዎች ወደ ወረታና ወደ ሜዳው ቀበሌዎች ሲወርዱ ሙሾውንና የሠርጉን ዘፈን ብቻ መዝግበው ባይመለሱ መልካም ነው። ቃሉን ማን እንደ ገጠመችው፣ በየትኛው ልቅሶ ወይም ሠርግ እንደ ተናገረችው፣ ከማን እንደ ለመደችው ፈቃዷን ጠይቀው አብረው ይጻፉ። «የሕዝብ ግጥም» የሚለው ስም ለብዙ ሥራ የሚስማማ ቢሆንም፣ ገጣሚዋ በሕይወት ሳለች ስሟን ሳይጠይቁ እንዲህ ብሎ መመዝገብ ግን የእርሷን ሥራ ባለቤት የሌለው ማድረግ ነው።