ከሱፍተጃ እስከ ቢትኮይን፦ የአማና ጉዳይ

 

ገንዘብን ከአገር ወደ አገር በሰላም ማድረስ ጥንትም ያስጨንቅ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎች ወርቅ ጭነው በረሃ ሲያቋርጡ ሽፍታ ስለሚያሰጋቸው በሰነድ መክፈልን ለመዱ። የክፍያ ሰነዱ «ሰክ»፣ በአንድ ከተማ ገንዘብ ተሰጥቶበት በሌላ ከተማ የሚመነዘረው ደግሞ «ሱፍተጃ» ይባል ነበር። ኢብን ሐውቀል የተባለው ጂኦግራፈር በ10ኛው ክፍለ ዘመን ስለ አንድ ሰክ ጽፏል። በዛሬዋ ሞሪታኒያ የነበረችው የአውደጉስት ከተማ ነጋዴ፣ በዛሬዋ ሞሮኮ ለነበረችው የሲጂልማሳ ከተማ ሰው የ42,000 ዲናር ዕዳ እንዳለበት የሚገልጽ ነው። በመካከላቸው የሁለት ወር ያህል ጉዞ ነበር።

ያ ወረቀት ዋጋ ያገኘው በምስክሮቹና በባለዕዳው ታማኝነት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት አዟል። ዕዳን ወደ ሌላ ከፋይ ማዛወርም በሸሪዓ «ሐዋላ» ይባላል፤ ዛሬ ባንኮቻችን የሚጠቀሙበት ቃል ከዚሁ የመጣ ነው።

በልማዳዊው ሐዋላ ላኪው ገንዘቡን ለደላላው ይሰጣል፤ ደላላው በሌላው አገር ላለው ባልደረባው መልእክት ይልካል፤ ባልደረባው ለተቀባዩ ይከፍላል። ሁለቱ ኋላ ይተሳሰባሉ። ሆኖም መሐል ያለው ከተያዘ ሁሉም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 አሜሪካ የሶማሊያውን አል-በረካት ገንዘብ ባገደች ጊዜ ከዘመድ የሚላክላቸውን የሚጠብቁ ቤተሰቦች ተቸግረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ሐሳቡ የቀረበው፣ በ2009 ሥራ የጀመረው ቢትኮይን ይህን መሐለኛ ለማስቀረት የታሰበ ነው። መዝገቡ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይያዛል፤ በየ10 ደቂቃው ገደማ አዲስ ገጽ ይጨመርበታል። ጠቅላላ ብዛቱም ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወስኗል። አንድ ቢሮ በመዝጋት ማስቆም አይቻልም።

ነገር ግን በስህተት ለሌላ ሰው የተላከን ገንዘብ ተቀባዩ ካልመለሰው የሚያስመልስ ኃላፊ የለም። ምስጢራዊ ቁልፉ የጠፋበት ሰው አቤት የሚልበት ደጅ የለውም። ይህን የፈሩ ብዙዎች ንብረታቸውን ለመገበያያ ድርጅቶች በአደራ ሰጡ፤ ከእነዚህ አንዱ ኤፍቲኤክስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከሰረ፤ መሥራቹም በ2023 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለ። መሐለኛውን ሸሽተው ወደ መሐለኛ ተመለሱ ማለት ነው።

የዑለማዎች አስተያየት የተለያየ ነው። የግብፅ ዳሩል ኢፍታ እ.ኤ.አ. በ2018 በውስጡ ባለው ገረር (አለመታወቅ) ምክንያት ከልክሏል፤ በመስፈርት የፈቀዱም አሉ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን የቤተሰብ ጥሪት በዚህ መንገድ እንላክ ሲሉን ስለ ፍጥነቱና ስለ ትርፉ ብቻ አንጠይቅ። ገንዘቡ ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? ምስክሩስ? ብለን እንጠይቅ። መዝገብ ሒሳብን ይጠብቃል፤ አማናን የሚጠብቀው ግን አላህን የሚፈራ ሰው ነው።

ወላሁ አዕለም።