ፒችትሪ ከሞተ ቆይቷል

ታላቅ እህቴ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ፣ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ «ፒችትሪ የምትችል» ይላት ነበር። እሷም እንደ እኩዮቿ ማሠልጠኛ ገባች፣ ተማረች፣ ሠርተፍኬቷን ላሚኔት አስደርጋ መጣች። ጊዜው 2016 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ እኮ ፒችትሪ የሚባለው ስም ከገበያ ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል! እህቴ የሟች ሠርተፍኬት ይዛ ሥራ አገኘች።

እኔ ጋዜጠኝነት የተማርኩ ነኝ፤ ዴቢትና ክሬዲት እንደተምታታብኝ አለሁ። የሟቹ ታሪክ ግን አጓጓኝ።

ፒችትሪ በ1978 አትላንታ ውስጥ ተወለደ፤ ስሙም የከተማዋ ዝነኛ ጎዳና ስም ነው። በ1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ይዞ ሲመጣ አብረው ከታወጁት ፕሮግራሞች አንዱ ይኸው ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1998 ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛው። በ2012 ደግሞ ስሙ ተቀይሮ «ሴጅ 50» ሆነ።

የያኔው ንግድ ቀላል ነው። ዲስኩን አንዴ ትገዛላችሁ፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ትጭናላችሁ፣ አለቀ። ኩባንያው ሌላ ብር የሚያገኘው አዲሱን እትም ግዙ ብሎ ሲያሳምናችሁ ነው። እኛ አገር ደግሞ አንዱ ያገኘው ሲዲ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል፤ ነገሩን ታውቁታላችሁ።

በ2006 ኒውዚላንድ ውስጥ ዚሮ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ። ዲስክ የለው፣ መጫን የለው፤ በኢንተርኔት ትገባላችሁ፣ በየወሩ ትከፍላላችሁ። ነባሮቹ ይህ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም የዘገዩት። ኪዊክቡክስን የሚሸጠው ኢንቱዊት በኢንተርኔት የሚሠራ እትም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነበረው። ችግሩ ሌላ ነው፦ በአንዴ ይገባ የነበረው ገንዘብ በየወሩ እየተቆነጠረ ሲመጣ የመጀመሪያው ዓመት ገቢ ይወርዳል፣ ባለ አክሲዮኑ ያጉረመርማል። የድሮው ደንበኛም የለመደውን አትንኩብኝ ይላል።

ኢንቱዊት ጨከነ። በ2016 የበኩር ልጁን ኪዊክንን ሸጠ። በ2021 የዴስክቶፕ እትሙን በዓመት ክፍያ ብቻ አደረገው። ከመስከረም 2024 በኋላ ደግሞ ለአዲስ የአሜሪካ ደንበኛ ከኢንተርፕራይዝ በቀር ዴስክቶፕ መሸጡን ተወ። ሴጅ ግን ብዙ ተንገታገተ። በ2017 ኢንታክት የተባለውን የኢንተርኔት ተወላጅ በ850 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2018 የዕድገት ትንበያውን ቀነሰ፣ በዚያው ዓመት ዋና ሥራ አስፈጻሚው ለቀቀ።

ታዲያ እኛ ምን አገባን? ያገባናል። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ፣ የእህቴ መሥሪያ ቤት ደመወዝ በሰዓቱ ከፈለ። ሒሳቡ ያለው ጥግ በተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነበራ! ዕድሜ ለፒችትሪ ተባለ። በዓመቱ ያው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለና እህቴ የስድስት ወር ደረሰኝ ከካርቶን እያወጣች እንደገና መዘገበች። ያኔ ደግሞ ምነው ሌላ ቦታ በተቀመጠ ተባለ።

ሁለቱም እውነት ነው። በፊት መዝገቡ በእጃችን ነበር፣ ጥፋቱም የእኛ። አሁን መዝገቡ ሰው ቤት ነው፤ ለመግባት ኢንተርኔት፣ ለመቆየት የዶላር ካርድ ይጠይቃል። በብር ለሚነግድ ሱቅ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሲዲ ማባዛት ደግሞ ከእንግዲህ አያዋጣም፤ የይለፍ ቃሉን የያዘው ኩባንያው ነው።

እህቴን «አዲሱን ተማሪ እንጂ» ብላት ሳቀች። «ዴቢቱ ያው ዴቢት ነው፤ የሚቀየረው በሩ ነው» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ማስታወቂያ አሳየችኝ። ምን ይላል መሰላችሁ? «ፒችትሪ የምትችል»።