ስኩባ ዳይቪንግ በጅቡቲ፦ ከባሕር ጠልቆ ወደ ደጋ የሚመለስ ሰው ምን ሊያውቅ ይገባል?

ጅቡቲ ከተማ ለአብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የወደብና የሙቀት ስፍራ ናት። ከመርከቦቹ ባሻገር የተዘረጋው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ግን ከተለያዩ አገራት ጠላቂዎችን የሚስብ ውሃ ነው።

ስኩባ ዳይቪንግ ጠላቂው የሚተነፍሰውን አየር ራሱ ተሸክሞ በውሃ ውስጥ የሚቆይበት ዘዴ ነው። ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እና ኤሚል ጋኛን በአውሮፓውያኑ 1943፣ ጠላቂው ትንፋሽ በሳበ ቁጥር አየር የሚሰጥ መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ነው።

የት ይጠለቃል?

ከከተማዋ በጀልባ የሚደረስባቸው የሙሻ እና የማስካሊ ደሴቶች በኮራል ዓለቶቻቸው ይታወቃሉ። በሰሜን፣ በባብ ኤል ማንደብ አቅራቢያ ያሉት ‘ሰባቱ ወንድማማቾች’ የተባሉ ደሴቶች ግን ኃይለኛ የውሃ ፍሰት ስላለባቸው ልምድ ይጠይቃሉ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በአርታ የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ዌል ሻርክ ይታያል። ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችለው ይህ ዓሣ በዋናነት ፕላንክተን የተባሉ ደቃቅ ፍጥረታትን ይመገባል፤ ሰውን አያጠቃም። ከውሃው ገጽ አጠገብ ስለሚዋኝ እርሱን ለማየት የፊት መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ በቂ ናቸው። ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት አንዱ በመሆኑ መንካትም ሆነ መንገዱን መዝጋት አይገባም።

መሣሪያዎቹ

ጠለቅ ብሎ ለመውረድ ግን ተጨማሪ መሣሪያ ያስፈልጋል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ ወደ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። ሬጉሌተር የተባለው መሣሪያ ይህን እምቅ አየር በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ጋር አመጣጥኖ ለአፍ ያደርሳል።

አየር የሚሞላውና የሚተነፍሰው ሰደርያ ጠላቂው እንዳይሰምጥም እንዳይንሳፈፍም ይረዳዋል። የእርሳስ ቀበቶ ለመውረድ ያግዛል፤ የጎማ ልብስ ሙቀት ይጠብቃል። የአየር መጠን መለኪያው የቀረውን አየር ሲያሳይ፣ በእጅ የሚታሰረው የጠለቃ ኮምፒውተር ጥልቀትንና ጊዜን ይቆጥራል።

አደጋው መውጣቱ ላይ ነው

በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር መጠን ይጨምራል። በመሆኑም በ20 ሜትር ላይ ያለ ሰው ከውሃው ገጽ ይልቅ ሦስት እጥፍ አየር ይጨርሳል። ከ10 ሜትር ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው ደግሞ በሳንባው ያለው አየር እጥፍ ለመሆን ስለሚለጠጥ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ለዚህም የጠለቃ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽን አለመያዝ ነው።

በግፊት ሥር ናይትሮጅን ወደ ደምና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይሟሟል። ጠላቂው በፍጥነት ከወጣ፣ ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ጋዙ አረፋ ይፈጥራል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ሲብስም ሽባነት ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መውጣትና 5 ሜትር ገደማ ላይ ለሦስት ደቂቃ መቆየት የተለመደ ነው።

ወደ ደጋ ለሚመለሱ

ጀልባው ላይ መውጣት ግን የጉዞው ማብቂያ አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በሰውነት የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊፈጥር ይችላል። የአውሮፕላን ጉዞም እንዲሁ ነው።

የጠለቃ ደህንነት መመሪያዎች አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር እንዲቆይ ይመክራሉ። ወደ ደጋ በመኪና ወይም በባቡር የሚወጣም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ምልክቶቹ የታዩበት ሰው ሳይዘገይ ንጹሕ ኦክስጅን ማግኘትና ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ዋናው ሕክምና በልዩ የግፊት ክፍል የሚሰጥ ሲሆን፣ ሐኪሙ ታማሚው መጥለቁን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።