በጠመዝማዛና ተዳፋት መንገዶች ላይ የሞተር ዘይት ዝውውር እንዳይቋረጥ መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

የተሽከርካሪ ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ተንቀሳቃሽ የብረት ክፍሎቹ በቀጥታ እንዳይፋተጉ የሚለያያቸው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን የሚቆየው ፓምፑ ዘይቱን ያለማቋረጥ ሲያደርስ ብቻ ነው። ዝውውሩ ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ ቢቋረጥ በክራንክ ሻፍቱ ላይ ያሉት ብሮንዚናዎች ሊጫሩ ወይም ሊቀልጡ ይችላሉ። ለዚህ ጉዳት መንስኤ ከሚሆኑት አንዱ ዘይቱ በማጠራቀሚያው ውስጥ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር መሳቡ ነው።

ችግሩ የሚፈጠርበት መንገድ

በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ዘይቱ የሚጠራቀመው ከሞተሩ ሥር በሚገኘውና በተለምዶ ኮፓ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። ፓምፑ ዘይቱን የሚስበው ወደ ኮፓው ወለል በተጠጋ ባለወንፊት ቱቦ አማካይነት ነው። ተሽከርካሪው በፍጥነት ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ ኩርባው ውጫዊ ጎን ይገፋል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት፣ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ወደኋላ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ እየታጠፉ ፍሬን መያዝ እነዚህን ግፊቶች በአንድ ጊዜ ያደራርባል።

ለምሳሌ 10 በመቶ ተዳፋት ባለው መንገድ ላይ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ኮፓ ውስጥ ያለው ዘይት ከፊትና ከኋላ የ4 ሴንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት ይኖረዋል። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የመሬት ስበትን አንድ ሦስተኛ በሚያህልበት ኩርባ ላይ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ኮፓ የሁለቱ ጎኖች ልዩነት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የዘይቱ መጠን በቂ ከሆነ የቱቦው አፍ እንደተሸፈነ ይቆያል፤ ከጎደለ ግን በተለመደ ኩርባም ሊጋለጥ ይችላል።

በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከመሬት ስበት ጋር ሊስተካከል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የዘይቱ ገጽ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ስለዚህ ለውድድር የሚዘጋጁ ተሽከርካሪዎች የዘይቱን ሽሽት የሚገቱ ግድግዳዎች ያሉት ኮፓ፣ በግፊት የተሞላ የመጠባበቂያ ዘይት ሲሊንደር፣ ወይም ከሞተሩ የተለየ የዘይት ታንክ ይገጠምላቸዋል። መደበኛ ተሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ይህ መከላከያ የለውም።

ከጉዞ በፊት

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው የዓባይ በረሃ፣ በሊማሊሞና በጣርማ በር የሚጓዙ አሽከርካሪዎች ረጅም ዳገትና ቁልቁለት ከተደጋጋሚ ኩርባዎች ጋር ያጋጥማቸዋል። ስለሆነም ከመነሳታቸው በፊት የሚከተሉትን ሊፈጽሙ ይገባል።

1. ተሽከርካሪውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶና ዘይቱ ወደ ኮፓው እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቆ በመለኪያ ዘንጉ መጠኑን ማረጋገጥ።
2. ዘይቱን ወደ ላይኛው ምልክት አስጠግቶ መሙላት። ከምልክቱ ማሳለፍ መከላከያ አይሆንም፤ ክራንክ ሻፍቱ ትርፉን ዘይት እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም።
3. የተሽከርካሪው አምራች ያዘዘውን የዘይት ዓይነት መጠቀምና ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠብ ዘይት መኖሩን መመልከት።
4. ኮፓው በድንጋይ ተመትቶ ከሆነ ማስመርመር። ወደ ውስጥ የጎደጎደ ኮፓ የመሳቢያ ቱቦውን አፍ ሊዘጋ ይችላል።

በጉዞ ላይ

ፍጥነት መቀነስ ያለበት ኩርባው ውስጥ ከተገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባት በፊት ነው። ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ መውረድ በፍሬን ላይ ያለውን ጫና ያቃልላል፤ ፍሬንን በድንገት ከመርገጥና መሪን በኃይል ከመጠምዘዝ መቆጠብም ዘይቱ በአንድ ወገን እንዳይከማች ይረዳል።

ማንቆርቆሪያ የሚመስለው ቀይ መብራት የሚያመለክተው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም፤ የሚበራውም ግፊቱ እጅግ ዝቅ ካለ በኋላ ነው። ኩርባ ላይ ብልጭ ብሎ መንገዱ ሲቃና የሚጠፋ መብራት ችግሩ ማለፉን አያረጋግጥም። ዘይቱ ወደ ቦታው ቢመለስም ብሮንዚናው በዚያች ቅጽበት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አሽከርካሪው በአቅራቢያው ባለ አስተማማኝ ቦታ ቆሞ የዘይቱን መጠን ማየት ይኖርበታል።

መብራቱ በርቶ ከቀረ የነዳጅ ፔዳሉን መልቀቅ፣ በጥንቃቄ ከመንገድ መውጣት፣ ተሽከርካሪው ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ሞተሩን ማጥፋት፣ የእጅ ፍሬን መያዝና ጎማውን በድንጋይ ማስደገፍ ያስፈልጋል። ተሽከርካሪው እየተንቀሳቀሰ ሞተሩን ማጥፋት መሪውን ያከብዳል፣ የፍሬኑንም አጋዥ ኃይል ያሳጣል። ዘይት ተጨምሮ ሞተሩ ሲነሣ መብራቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልጠፋ ወይም ከሞተሩ የመንኳኳት ድምፅ ከተሰማ ወዲያውኑ አጥፍቶ ማስጎተት እንጂ መንዳት አይገባም።

በገደላማ መንገድ ላይ የሚቆም ሞተር የጥገና ወጪ ብቻ አያስከትልም፤ በተለይ ብዙ መንገደኛ የጫነ ተሽከርካሪ ሲሆን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን አደጋ ለመቀነስ ከጉዞ በፊት በመለኪያ ዘንጉ የሚደረገው የጥቂት ደቂቃዎች ምርመራ ከፍተኛ ድርሻ አለው።