ከሕመም አልጋው ወዲያ፦ ቅዱስ ጎርጎርዮስ እኅቱን ቅድስት ማክሪናን እንዴት ዘከራት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለረጅም ጊዜ ታሞ ያረፈ ወገን ያለው ሰው ኀዘኑ ልዩ ነው። ድንገት ያረፈውን ስናስብ ሲሠራ፣ ሲሄድ፣ ሲስቅ የነበረው መልኩ ይታወሰናል። በአልጋ ላይ ለወራትና ለዓመታት የቆየውን ስናስብ ግን ቀድሞ የሚመጣብን የከሳው ፊቱ፣ የደከመው ድምፁ፣ የመድኃኒቱ ሽታ ነው። ሕመሙ ሰውየውን ከእኛ መለየቱ ሳያንስ መታሰቢያውንም ይወርሰዋል። ስድሳ ዓመት በጸሎት፣ በሥራና በፍቅር የኖረች እናት በመጨረሻው አንድ ዓመት ሕመሟ ብቻ ስትታወስ፣ ስድሳው ዓመት የት ገባ?

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የተጋፈጠ አባት አለ። እርሱም የታላቁ የቅዱስ ባስልዮስ ወንድም ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። እኅቱን ቅድስት ማክሪናን በሕመም አልጋዋ ላይ አገኛት፤ ከዚያም ሕይወቷን ጻፈ። እንዴት እንደ ጻፈው ማወቅ ዛሬ ወገኖቻችንን ለምንዘክር ለእኛ ብዙ ያስተምራል።

ቤተሰቡ

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው ሀገር፣ በቀጰዶቅያና በጳንጦስ ምድር አንድ የታወቀ ክርስቲያን ቤተሰብ ይኖር ነበር። አያታቸው ታላቂቱ ማክሪና በዘመነ ስደት ሃይማኖቷን ላለመካድ ከባሏ ጋር በጳንጦስ ጫካ ተሸሽጋ የኖረች እናት ነበረች። የልጇ የባስልዮስና የሚስቱ የኤሚልያ በኩር ልጅ እ.ኤ.አ. በ327 ዓ.ም. ገደማ ስትወለድ በአያቷ ስም ማክሪና ተባለች። ከእርሷ በኋላ ከተወለዱት ወንድሞቿ መካከል ሦስቱ ለጵጵስና በቅተዋል፤ ባስልዮስ ለቂሳርያ፣ ጎርጎርዮስ ለኑሲስ፣ የሁሉም ታናሽ የሆነው ጴጥሮስ ለሰብስጥያ።

እናቷ የዓለማውያን ባለ ቅኔዎችን ተረት ከማስጠናት ይልቅ መጽሐፈ ጥበብንና መዝሙረ ዳዊትን አስተማረቻት። በዘመኑ ልማድ ገና በልጅነቷ ታጭታ ነበር፤ ነገር ግን እጮኛዋ ከሠርጉ በፊት ሞተ። ወላጆቿ ለሌላ ሊድሯት ሲያስቡ እምቢ አለች። ምክንያቷንም ልብ በሉት፦ እጮኛዋ በትንሣኤ ተስፋ ለእግዚአብሔር ሕያው እንደሆነ፣ እንደ ሞተ ሳይሆን ሩቅ አገር እንደ ሄደ ሰው ሊቈጠር እንደሚገባው፣ ለሄደ ሰውም ታማኝ አለመሆን ነውር እንደሆነ ተናገረች። ስለ ሞትና ስለ መታሰቢያ ያላት አቋም ገና በወጣትነቷ የጸና ነበር ማለት ነው።

ባስልዮስ ከአቴና ተምሮ ሲመለስ በንግግር ችሎታው እጅግ ይመካ እንደነበር፣ ወደ ምናኔ የሳበችውም እኅቱ እንደሆነች ጎርጎርዮስ ይነግረናል። እናቷንም በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በነበረው ርስታቸው በአኔሲ የምንኵስና ሕይወት እንድትጀምር አደረገቻት። በዚያም አገልጋዮቻቸው የነበሩት ሴቶች እኅቶች ተብለው ከእመቤቶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ በሉ፣ በአንድ ዓይነት መኝታ ተኙ።

የታመሙት ወንድምና እኅት

ቅዱስ ባስልዮስ ደካማ ጤና ነበረው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የጉበት ሕመሙን ደጋግሞ ያነሣል። ይህ ሕመምተኛ ጳጳስ ግን በቂሳርያ አጠገብ ለድኆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን የሚሆን ታላቅ ማረፊያ አሠርቶ ሐኪሞችና አስታማሚዎች አቆመበት። እ.ኤ.አ. በ379 ዓ.ም. መባቻ፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን ታስበዋለች፤ በስሙ የሚጠራውንም ቅዳሴ ትቀድሳለች።

ወንድሙ ጎርጎርዮስ በአርዮሳዊው ንጉሥ በዋሌንስ ዘመን ከመንበሩ ተሰድዶ ስለነበረ እኅቱን ለስምንት ዓመታት ያህል አላያትም። ባስልዮስ ካረፈ ከዘጠኝ ወራት ገደማ በኋላ በአንጾኪያ የተደረገውን ጉባኤ ፈጽሞ ሊጠይቃት ተነሣ። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ሕልም አየ፤ በእጁ የሰማዕታትን ዐፅም ይዞ፣ ዐፅሙም ፀሐይ እንዳረፈበት መስታወት ሲያበራ። ሲደርስ ማክሪና ታምማ አገኛት። የተኛችው በአልጋ አልነበረም፤ መሬት ላይ በተዘረጋ፣ ማቅ በለበሰ ሳንቃ ላይ ነበር፤ ትራሷም ሌላ እንጨት ነበር። ለጵጵስናው ክብር ልትነሣ ሞከረች፤ ስላልቻለች እጆቿን መሬት ላይ ተክላ ለመስገድ ታገለች።

ስለ ባስልዮስ ሲነሣ ጎርጎርዮስ አለቀሰ። እርሷ ግን ትንፋሽ እያጠራት፣ ትኩሳቱ እያቃጠላት ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ ታስተምረው ጀመር። ይህን ትምህርት በኋላ «ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ» በተባለው መጽሐፉ ሲጽፈው እርሷን «መምህርት» ብሎ ጠርቷታል። ጥቂት ካረፈ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ማክሪና ከልጅነቷ ጀምራ የሕይወቷን ታሪክ በቅደም ተከተል ተረከችለት። የወላጆቿን ነገር፣ የእግዚአብሔርን ቸርነት ሁሉ እያነሣች አመሰገነች። እርሱ በተራው የስደቱን መከራ ሲዘረዝር ግን በፍቅር ገሠጸችው፤ በወላጆቹ ጸሎት ወደዚህ ክብር መድረሱን ዘንግቶ ማማረር እንደማይገባው ነገረችው። የሠርክ መዝሙር ሲሰማም ወደ ቤተ ክርስቲያን ላከችው።

በማግሥቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኝታዋ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ከሰዎች ጋር መነጋገሯን ትታ ወደ አምላኳ ጸለየች፤ ዐይኖቿን፣ አፏንና ልቧን በመስቀል ምልክት አማተበች። መብራት ሲገባ የሠርኩን ምስጋና ልታደርስ ፈለገች፤ ድምፅ አልወጣትም፤ ከንፈሮቿ ግን ይንቀሳቀሱ ነበር። ጸሎቷን ስትፈጽም ነፍሷ ከሥጋዋ ተለየች።

ያላት ሁሉ

ለግንዘት ልብስ ሲፈለግ ከካባዋ፣ ከራስ መሸፈኛዋና ካረጀ ጫማዋ በቀር ምንም አልተገኘም። ጎርጎርዮስ ለራሱ ካዘጋጀው ልብስ አለበሳት። በአንገቷ ላይ የብረት መስቀልና የዕፀ መስቀሉ ክፋይ ያለበት የብረት ቀለበት ነበር። መስቀሉን ከእኅቱ ጋር ለኖረችው ለቬቲያና ሰጥቶ ቀለበቱን ለራሱ ወሰደ። የዚያ ሀብታም ቤተሰብ በኩር ልጅ ያወረሰችው ይህን ብቻ ነው።

ቬቲያና መብራት አቅርባ በማክሪና ደረት ላይ የመርፌ ጫፍ የነካው የሚመስል ትንሽ ምልክት አሳየችው። ማክሪና ቀደም ሲል በጡቷ ላይ ክፉ እብጠት ወጥቶባት ነበር። እናቷ የሕክምና ጥበብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን እየነገረች ለሐኪም እንድትታይ ብትለምናትም፣ ሰውነቷን ለሐኪም መግለጥ ከበደባት። ሌሊቱን በእንባ ስትጸልይ አድራ፣ በእንባዋ የራሰውን አፈር ቀባችው፤ እናቷም በመስቀል እንድታማትብባት ጠየቀች፤ እብጠቱም ጠፋ። ምልክቱ ግን እስከ ሞቷ ቀረ። ይህን ስናነብ ግን የታመመ ወገናችንን ከሐኪም እናርቅ ዘንድ አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በገዳማዊ ሥርዐቱ ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን አስተምሯል፤ ሕሙማን የሚረዱበትን ማረፊያም ያሠራው እርሱ ነው። ጎርጎርዮስም ታሪኩን የጻፈው ምልክቱ የእግዚአብሔር ረድኤት መታሰቢያ እንዲሆን ነው።

ደናግሉ ሲያለቅሱ እርሱም ራሱ በኀዘን ተሸነፈ። ኋላ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ እርሷ እንዲመለከቱና ትምህርቷን እንዲያስቡ፣ ልቅሶውንም ወደ ዝማሬ እንዲለውጡት ነገራቸው። ሌሊቱ እንደ ሰማዕታት በዓል በመዝሙር አለፈ። በማግሥቱም አርብዓ ሐራ ሰማይ የምንላቸው የሰብስጥያ ሰማዕታት ዐፅም ወዳረፈበት ቤተ ክርስቲያን ወስደው በወላጆቿ መቃብር አኖሯት። መንገዱ አጭር ሳለ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ቀኑን ሙሉ ፈጀ።

እንዴት ዘከራት?

ጎርጎርዮስ ታሪኳን የጻፈው ለአንድ ወዳጁ በደብዳቤ መልክ ነው። የጻፈበትንም ምክንያት ሲናገር፣ እንዲህ ያለ ሕይወት በዝምታ ተሸፍኖ ያለ ጥቅም እንዳይቀር ነው ይላል። ውድ አንባብያን፣ አጻጻፉን ስንመረምር አራት ነገሮችን እናገኛለን።

አንደኛ፣ ሕመሙን አልሸሸገም፤ ሳንቃውን፣ ትኩሳቱንና የትንፋሹን ማጠር ጽፏል። ነገር ግን ሕመሙ የታሪኩ መጨረሻ እንጂ ታሪኩ ራሱ አይደለም። በዚያ ሳንቃ ላይ የተኛችው ያቺው የባስልዮስ መካሪ፣ የጴጥሮስ አሳዳጊ፣ የደናግሉ እናት መሆኗን አንባቢው አይረሳም።

ሁለተኛ፣ ሕመምተኛዋ ራሷ እንድትናገር ጊዜ ሰጣት። ከልጅነቷ ጀምራ ታሪኳን ስትተርክ ከአፏ ሰማ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የታመመውን ስንጠይቅ ስለ መድኃኒቱና ስለ ምግቡ ብቻ እንጠይቃለን። ልጅነቱን፣ ማን እንዳስተማረው፣ እግዚአብሔር ከምን እንዳወጣው መጠየቅ ለእርሱ ምስጋና፣ ለእኛም ርስት ነው።

ሦስተኛ፣ ሌሎች የሚያውቁትን ሰበሰበ። ወንድሟ የማያውቀውን የዚያን ምልክት ታሪክ የነገረችው አብራት የኖረችው ሴት ናት። ያስታመመች ልጅ፣ ጎረቤት፣ የንስሓ አባት፣ የጽዋ ማኅበር ባልደረባ እያንዳንዳቸው አንድ ቁራጭ ይዘዋል።

አራተኛ፣ እንባን አልከለከለም፤ ነገር ግን እንባው በጸሎት እንዲያርፍ አደረገ። ቤተ ክርስቲያናችንም ፍትሐት አድርሳ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛው፣ በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ወገኖቻችንን በጸሎትና በምጽዋት እንድናስብ የሠራችልን ሥርዐት ይህንኑ ያስተምረናል። ተዝካር የድግስ ውድድር ከሆነ ግን የሟቹ ስም በጠላና በወጥ ወሬ ይዋጣል። ድኃ ሲበላ፣ ስሙም በጸሎት ሲነሣ ነው መታሰቢያው የሚጸናው።

እንግዲህ በቀብር ሥነ ሥርዐት ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ስንጠየቅ፣ የትውልድ ዘመን፣ የልጆች ቍጥርና «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» የሚል መደምደሚያ ብቻ አይበቃም። ይህ ሰው ማንን አስታረቀ? ማንን አሳደገ? በየትኛው ደብር አስቀደሰ? በሕመሙስ ውስጥ ስለ ምን አመሰገነ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ሞትን መጠበቅ አያስፈልግም። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያለን ወጣቶች በየቤታችን ወይም በየሰፈራችን በሕመም አልጋ ላይ ያሉ አረጋውያን አሉን። በዚህ ሳምንት ሄደን አጠገባቸው እንቀመጥ፤ እንጠይቃቸው፤ የሚነግሩንንም በደብተራችን እንጻፍ።

ማክሪና እጮኛዋን ሩቅ አገር እንደ ሄደ ሰው አሰበችው። ጎርጎርዮስም እርሷን እንዲሁ አሰባት። የሄዱብንን በዚህ ተስፋ የምናስብበትን ልቡና፣ የታመሙትንም የምንጠይቅበትን ፍቅር አምላከ ቅዱሳን ያድለን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳኑ ረድኤትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።